ዕፅዋት የሌሊቱን ርዝመት ለክተው የማበቢያ ጊዜአቸውን ስለ ማወቃቸው

በማሽላ አገር የኖረ ሽማግሌ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ሁለት ወንድማማች ገበሬዎች ከአንድ ጎተራ የወጣ ዘር ተካፍለው አንደኛው በሚያዝያ መጀመሪያ ይዘራል፤ ሁለተኛው በሬ ታሞበት ወይም ዝናም ዘግይቶበት በግንቦት አጋማሽ ይዘራል። በመካከላቸው ያለው ጊዜ አርባ ቀን ነው። ነገር ግን ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ሁለቱ ማሳዎች ዛላ የሚያወጡት በጥቂት ቀኖች ልዩነት ይሆናል። የፊተኛው ረዥምና አገዳው ወፍራም ነው፤ የኋለኛው አጠር ያለና ቅጠሉ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ታላቅ ወንድሙን አርባ ቀን አያስጠብቀውም። ይህ በማሽላ ዓይነት ሁሉ የሚሆን አይደለም፤ ዕድሜውን ብቻ ቆጥሮ ዛላ የሚያወጣ ዘርም አለ። ከጥንት ጀምሮ በየአገሩ ሲዘራ በኖረው በብዙው ዘር ግን ይታያል።

ይህን ያየ ሰው ምክንያቱን ሊጠይቅ ይገባዋል። ማሽላው ከተዘራበት ቀን ጀምሮ ዕድሜውን የሚቆጥር ቢሆን ኖሮ የኋለኛው አርባ ቀን ዘግይቶ ዛላ ባወጣ ነበር። እንደዚህ ካልሆነ ሁለቱ ማሳዎች በአንድነት የሚያዩት አንድ ምልክት አለ ማለት ነው። ዝናም ነው እንዳንል ዝናም አንድ ዓመት ይቀድማል፣ አንድ ዓመት ይዘገያል። ብርድ ነው እንዳንል በክረምት መካከል የሚሞቅበት ሳምንት አለ፣ በበጋም የሚበርድበት ቀን አለ። ከዓመት ዓመት ሳያዛባ በቀኑ የሚመለስ ምልክት የፀሐይ መውጫና መግቢያ፣ ይኸውም የቀንና የሌሊት ርዝመት ነው። ስንክሳር የሚያነቡ ሽማግሎች በየወሩ መባቻ የወሩ ቀን ስንት ሰዓት እንደ ሆነ፣ ከዚያም ወዲያ እንደሚጨምር ወይም እንደሚጎድል ሲነገር ሰምተዋል። ዕፅዋትም መጽሐፍ ሳይኖራቸው ይህንኑ ሒሳብ ያውቃሉ።

በአገራችን የቀኑ ርዝመት ብዙ አይለዋወጥም። በአዲስ አበባ ከሁሉ የሚረዝመው ቀን በሰኔ 14 ቀን ገደማ ሲሆን ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ 12 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ያህል ነው። ከሁሉ የሚያጥረው ቀን በታኅሣሥ 12 ወይም 13 ሲሆን 11 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ያህል ነው። እንግዲህ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ወደ ጎንደር ቢሄዱ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይደርሳል፤ ከምድር ወገብ በራቁ መጠንም እየሰፋ ይሄዳል። በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ረዥሙ ቀን 15 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ አጭሩ 9 ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ የነገሩ ምሥጢር በመጀመሪያ በዚያ አገር በሚገባ መገለጡ አያስደንቅም። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ሊቃውንት ሥራ የሚነገርበት ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የቀኑ ሰዓት ግን እንደ አገራችን ልማድ ነው።)

በዋሽንግተን አጠገብ በአርሊንግተን የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር የሙከራ እርሻ ነበረው። በዚያ ዋይትማን ጋርነርና ሃሪ አላርድ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ትምባሆ ይመረምሩ ነበር። በ1906 ዓ.ም. በሜሪላንድ ትምባሆ መካከል አንድ እንግዳ ዓይነት ተገኝቶ ነበር፤ ስለ ቁመቱም ሜሪላንድ ማሞት ተባለ፤ ማሞት ከምድር የጠፋ የዝሆን ዘመድ የሆነ አውሬ ስም ነው። በሙቀታቸው ወራት ሌላው ትምባሆ ሲያብብ ይህ ሳያብብ ወደ ላይ ያድጋል፤ ቅጠሉ ወደ መቶ ይቃረባል፤ ውርጭ እስኪመታውም ድረስ አበባ አይሰጥም። ለቅጠል ነጋዴ ይህ እጅግ መልካም ነው። ዘር ለሚፈልግ ሰው ግን ጭንቅ ነው፤ ያላበበ ተክል ዘር የለውምና። ይሁን እንጂ ይኸው ትምባሆ በብርዳቸው ወራት በመስታወት ቤት ውስጥ ቢያድግ ገና አጭር ሳለ በገና ሰሞን ያብባል። ሁለተኛም ቢሎክሲ የሚባለውን አኩሪ አተር ከግንቦት ጀምሮ እየቆዩ በየተራ ቢዘሩት ቀድሞ የተዘራውም ዘግይቶ የተዘራውም በመስከረም ወር አበበ። ይህ የሁለቱን ወንድማማቾች ማሽላ ነገር የሚመስል ነው።

ጋርነርና አላርድ ሙቀቱን ለወጡ፤ ውኃውን ለወጡ፤ የአፈሩን ልማት ለወጡ፤ የብርሃኑን ብርታትም ለወጡ። አንዱም ምክንያት ሆኖ አልተገኘም። በመጨረሻ የቀራቸው የማይመስል ነገር ነበር። በ1918 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ብርሃን የማይገባበት ትንሽ ቤት ሠሩ። በሣጥንና በማሰሮ የተተከሉ ጥቂት አኩሪ አተርና ትምባሆ ወስደው በየቀኑ በ10 ሰዓት ወደ ጨለማው ቤት ያገቧቸው፣ በማግሥቱም ጧት በ3 ሰዓት ወደ ፀሐይ ያወጧቸው ጀመር። እንደዚህ አድርገው የሐምሌን ረዥም ቀን ወደ 7 ሰዓት አሳጠሩት። ወደ ጨለማው ቤት ሲገቡ የከረሙት ተክሎች አበቡ፤ በውጭ የቀሩት ጓደኞቻቸው ግን ቅጠል ከመጨመር በቀር ሌላ አላደረጉም። ኋላም ነገሩን ገልብጠው በብርድ ወራት በመስታወት ቤት ላለው ትምባሆ በኤሌክትሪክ መብራት ቀኑን አስረዘሙለት፤ በገና ሊያብብ የሚገባው ሳያብብ ቀረ። ሥራቸውንም በ1920 ዓ.ም. አሳተሙ።

ለእውነት ሲባል ከእነርሱ በፊት የነበረ አንድ ሰው መነሣት ይገባዋል። ዡልየን ቱርኗ የሚባል ፈረንሳዊ ከ1912 ዓ.ም. ጀምሮ ሆፕስ የሚባለውን ሐረግ (እኛ ለጠላ ጌሾ እንደምንጨምር ቢራ ጠማቂዎች የሚጨምሩት ነው) ይመረምር ነበር። ተክሉ ያለ ጊዜው የሚያብበው ቀኑ ስላጠረ ሳይሆን ሌሊቱ ስለ ረዘመ ሊሆን ይችላል ብሎ በ1914 ዓ.ም. ጻፈ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለ ሞተ ሥራውን አልፈጸመም። እውነተኛው እርሱ እንደ ነበረ የታወቀው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ከጋርነርና ከአላርድ ወዲህ ዕፅዋት በሦስት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ቀኑ ከተወሰነ ልክ ሲያጥር የሚያብብ ነው፤ ማሽላ፣ ሩዝ፣ አኩሪ አተር፣ ጤፍም ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ቀኑ ሲረዝም የሚያብብ ወይም ለማበብ የሚፈጥን ነው፤ ስንዴና ገብስ ከዚህ ይቈጠራሉ። ቀኑ 14 ሰዓት በማይደርስበት በአገራችን ገብስ እንዴት ያፈራል ብሎ መምህር ቢጠየቅ፣ ረዥም ቀን ለገብስ የሚያፈጥነው ነገር እንጂ ያለ እርሱ የማያፈራበት ግዴታ አይደለም ብሎ ይመልስ። ሦስተኛው እንደ ቲማቲም የቀኑን ርዝመት ከቁም ነገር የማይቈጥር ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። «አጭር ቀን» ማለት ከ12 ሰዓት ያነሰ ቀን ማለት አይደለም፤ ተክሉ ለራሱ ከያዘው ልክ ያነሰ ቀን ማለት ነው። የአንዱ ልክ 12 ሰዓት ተኩል፣ የሌላው 15 ሰዓት ሊሆን ይችላል።

የቱርኗን አሳብ ያጸኑት ካርል ሃምነርና ጄምስ ቦነር ናቸው። በ1938 ዓ.ም. በቺካጎ አንድ አረም መረመሩ፤ ይህ አረም ፍሬው እሾሃም ሆኖ በልብስና በበግ ጠጉር ላይ የሚጣበቅ ነው። ያልተቋረጠ ጨለማ ከ8 ሰዓት ተኩል በላይ ካገኘ ያብባል፤ አንዲት ሌሊት ብቻ ትበቃዋለች። ሊቃውንቱ በቀን መካከል ተክሉን ለጥቂት ጊዜ በጨለማ ሸፈኑት፤ ምንም አልተለወጠም፤ አበበ። በረዥም ሌሊት መካከል ግን ለጥቂት ደቂቃ መብራት አበሩበት፤ አላበበም። ቀኑ ሲቋረጥ ግድ የሌለው፣ ሌሊቱ ሲቋረጥ ግን ሒሳቡ የሚጠፋበት ከሆነ የሚለካው ሌሊቱን ነው። እንግዲህ የአጭር ቀን ተክል የሚባለው በእውነቱ የረዥም ሌሊት ተክል ነው፤ የቀድሞው ስም ግን ስለ ተለመደ እስከ ዛሬ ይነገራል።

ሌሊቱን የሚለካው የተክሉ የትኛው ክፍል ነው? አበባ የሚወጣው ከጫፍ ስለ ሆነ ጫፉ ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነበር። ነገር ግን ሚካኤል ቻይላክያን የሚባል የሶቪየት አገር ሊቅ በ1930ዎቹ ዓመታት ክሪሳንተም የሚባለውን አበባ ወስዶ የላይኛውን ቅጠል ቀነጠበ፤ የታችኛውን ቅጠል ብቻ በየቀኑ አስቀድሞ በጨለማ ሸፈነ፤ ጫፉን ግን በረዥም ቀን ተወው። ተክሉ አበበ። ገልብጦ ጫፉን በረዥም ሌሊት፣ ቅጠሉን በረዥም ቀን ቢያኖረው አላበበም። ስለዚህ የሚያየው ቅጠል ነው፤ የሚታዘዘው ጫፍ ነው፤ በመካከላቸውም አንድ መልእክተኛ ይሄዳል። ቻይላክያን ለዚህ መልእክተኛ ፍሎሪገን የሚል ስም አወጣለት። ስም ወጥቶለት ሳለ አካሉ ሳይያዝ ሰባ ዓመት ያህል ቆየ። በ2007 ዓ.ም. በጀርመንና በጃፓን የሚሠሩ ሊቃውንት መልእክተኛው በቅጠል ውስጥ ተሠርቶ፣ ምግብ በሚሄድበት ቧንቧ አልፎ ወደ ጫፍ የሚደርስ ትንሽ ፕሮቲን መሆኑን አሳዩ።

ቅጠል ዓይን ሳይኖረው ብርሃንን የሚያውቀው ፊቶክሮም በሚባል ቀለም ነው። በ1952 ዓ.ም. ሃሪ ቦርትዊክና ስተርሊንግ ሄንድሪክስ ከጓደኞቻቸው ጋር በሰላጣ ዘር ላይ ቀይ ብርሃን ቢያበሩ በቀለ፤ ከቀይ ወዲያ ያለውን፣ ዓይናችን በጭንቅ የሚያየውን ብርሃን ቢያስከትሉበት ተኛ፤ እንደ ገና ቀይ ቢያበሩ ነቃ። ስንት ጊዜም ቢደጋግሙ ዘሩ የሚታዘዘው የመጨረሻውን ብርሃን ነበር። ከዚህም ቀለሙ ሁለት መልክ እንዳለውና እንደ በር መዝጊያ ወዲህና ወዲያ እንደሚል ታወቀ። በፀሐይ ብርሃን የነቃውን መልክ ይይዛል፤ በጨለማ ቀስ በቀስ ወደ ተኛው ይመለሳል። በመካከለ ሌሊት የሚበራ መብራት ሒሳቡን የሚያጠፋው ይህን ቀለም እንደ ገና ስለሚያነቃው ነው።

ቀለሙ ብቻውን ግን ሰዓት አይለካም። ተክል በውስጡ ሌላ ሰዓት አለው። ዣን ዣክ ደ ሜራን የሚባል ፈረንሳዊ በ1729 ዓ.ም. ቀን ቅጠሉን የሚዘረጋ፣ ማታ የሚያጥፍ ተክል በጨለማ ስፍራ ቢያኖር፣ ፀሐይ ሳያይ በሰዓቱ ሲዘረጋና ሲያጥፍ አገኘው። ኤርዊን ቡኒንግ የሚባል ጀርመናዊ በ1936 ዓ.ም. ይህ የውስጥ ሰዓትና የማበብ ነገር አንድ መሆኑን ተናገረ፤ ዛሬ አሳቡ በሰፊው ተረጋግጧል። ነገሩ እንደ ሌሊት ዘበኛ ነው። የውስጡ ሰዓት ማታ በተወሰነ ጊዜ «አሁን ብርሃን አለን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀለሙም አለ ወይም የለም ብሎ ይመልሳል። ለረዥም ቀን ተክል «አለ» የሚለው ቃል መልእክተኛውን ያስልካል፤ ለማሽላና ለሩዝ ይኸው ቃል መልእክተኛውን ያስቀራል።

አንድ ሽማግሌ «በእኛ አገር የቀኑ ልዩነት አንድ ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ እኛ እንኳ ሳናስተውለው ማሽላ እንዴት ያስተውለዋል?» ብሎ ቢከራከር ክርክሩ ትክክል ነው፤ ሊቃውንትም ስለዚሁ ብዙ ጊዜ ተጠራጥረዋል። መልሱ ከማላያ መጣ። በማላካ ረዥሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በ14 ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያም ሲያም 29 የሚባለው ሩዝ በጥር (በጃንዩወሪ) ሲዘራ ለማበብ 329 ቀን ፈጀ፤ በመስከረም (በሴፕቴምበር) ሲዘራ 161 ቀን ብቻ ፈጀ። ይህ በ1959 ዓ.ም. ታትሟል። ሩዝ 14 ደቂቃን ካወቀ የእኛ ማሽላ 60 ደቂቃ ቢያውቅ ምን ይደንቃል?

አሁን ወደ ማሽላ እንመለስ፤ እህልና ረኃብ ያለው እዚህ ላይ ነውና። በሰሜን ናይጄሪያ በተደረገና በ1968 ዓ.ም. በታተመ ምርመራ የየአካባቢው ማሽላ ዛላ የሚያወጣው በዚያው አካባቢ ዝናሙ በሚያበቃበት ሰሞን መሆኑ ታየ። ይህ ታላቅ ጥበብ ነው። ቀድሞ ዛላ ያወጣ ማሽላ በዝናም መካከል ሲያፈራ ፍሬው ሻጋታ ይይዘዋል፤ በአካባቢውም ብቻውን ስለ ደረሰ የወፍ መንጋ ሁሉ ይወርድበታል፤ በማማ ላይ የቆመ ልጅ ወንጭፉን ቢያፍተለትል አይበቃውም። ዘግይቶ ያወጣ ማሽላ ደግሞ እርጥበቱ አልቆ ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። በሁለቱ መካከል ያለች ጠባብ ጊዜ አለች። የየአገሩ ገበሬ በብዙ ትውልድ ዘር እየመረጠ፣ ሰዓቱ ከዚያች ጊዜ ጋር የሚገጥመውን ማሽላ አስቀረ።

ሰዓቱ ግን የሚገጥመው ለተመረጠበት ስፍራ ነው። ከሐሩር አገሮች፣ ከኢትዮጵያም ጭምር ወደ አሜሪካ የተወሰደ ብዙ ማሽላ በቴክሳስ ቢዘራ የሙቀቱ ወራት ቀን 14 ሰዓት ያህል ስለ ሆነ የሚጠብቀውን ሌሊት አጣ፤ ቁመት ብቻ ጨመረ። ስለዚህ ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ የዚያ አገር ሊቃውንት ማሽላውን ሌሊቱ በሚበቃበት በፖርቶ ሪኮ ደሴት እያዳቀሉ፣ ልጆቹን በቴክሳስ እየዘሩ፣ በረዥም ቀን የሚያፈራውንና አጭሩን ይመርጡ ጀመር። ከዚህ ሥራ የወጣው ማሽላ የሌሊት ቈጠራን ትቶ ዕድሜውን የሚቆጥር ነው።

እንዲህ ያለውን ዘር አዲስ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ስሕተት ነው፤ የቀድሞውን ዘር አሮጌ ነው ብሎ የሚጥልም እንዲሁ። የበልግ ዝናም ቀርቶ በሰኔ መጨረሻ ብቻ መዝራት በተቻለ ዓመት ዕድሜው አጭር የሆነ ዘር ቤተ ሰብ ያተርፋል። ይኸው ዘር ግን በሚያዝያ ቢዘራ በነሐሴ ዝናም ላይ ያፈራል፤ ሻጋታና ወፍም ይካፈሉታል። ገበሬውም «ዘሩ ክፉ ነው» ይላል፤ ክፋቱ ግን በዘሩ ሳይሆን ዘሩ የትኛውን ሰዓት እንደሚያነብ ሳይነገረው መሰጠቱ ነው። በእኔ አሳብ ዘር የሚያከፋፍል ሰው ሁሉ ከዘሩ ስም ቀጥሎ ሊናገር የሚገባው ቃል ይህ ነው።

የኤሌክትሪክ መብራት በገባበት መንደርም አንድ ነገር ማየት ይቻላል። በገና ሰሞን የላይኛው ቅጠሉ እንደ ደም የሚቀላው የግቢ ተክል የረዥም ሌሊት ወገን ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ መብራት የሚያርፍበት ቅርንጫፉ ግን አረንጓዴ እንደ ሆነ ይቀራል ወይም ዘግይቶ ይቀላል። በአሜሪካ በአውራ ጎዳና መብራት ሥር ያለ አኩሪ አተር ሌላው ሲደርቅ አረንጓዴ ሆኖ ሲቀር ይታያል። ማሳው ዳር ያለ ማሽላ ያለ ምክንያት ቢዘገይ፣ በሽታ ነው ከማለት በፊት ማታ ወጥቶ ብርሃኑ እስከ የት እንደሚደርስ ማየት ይገባል።

የጋርነርንና የአላርድን ሥራ በመንደር ትምህርት ቤት ያለ ብዙ ወጪ መድገም ይቻላል። መምህሩ በሚያዝያ የሚዘራውን የአገሩን የቆየ ማሽላ ከአንድ ሽማግሌ ይለምን፤ በአንድ ዓይነት አፈር በስድስት ማሰሮ ይዝራ። ቡቃያው አንድ ወር ሲሞላው፣ ከሰኔ መጀመሪያ አንሥቶ ሦስቱን ማሰሮ በየቀኑ በ10 ሰዓት ብርሃን በማያስገባ ረዥም ሣጥን ይሸፍን፤ በማግሥቱ ጧት በ3 ሰዓት ይክፈት። የቀሩትን ሦስቱን ደግሞ ፀሐይ ከገባች በኋላ በሌላ ሣጥን ሸፍኖ ሳይነጋ ይክፈት፤ ይህን ካላደረገ ልዩነቱ ከጨለማው ነው ወይስ ከሣጥኑ ሙቀት ተብሎ ቢጠየቅ መልስ አይኖረውም። ውኃው እኩል ይሁን። ሥራው እሑድም በዓልም ሳይል በየቀኑ የሚሠራ ስለ ሆነ ተማሪዎቹ ተራ ይግቡ፤ ጨለማው በየመካከሉ ከተቋረጠ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ማሽላው ሌሊት የሚቆጥር ዘር ከሆነ ቀድመው የተሸፈኑት በክረምቱ መካከል አጭር ሳሉ ዛላ ያወጣሉ፤ የቀሩት መስከረምን ይጠብቃሉ። ሁለቱም በአንድ ቀን ካወጡ ዘሩ ዕድሜውን የሚቆጥር ነው፤ ይህም ለገበሬው የሚጠቅም ዕውቀት ነው።

ይህን የሠራ ትምህርት ቤት ቀጥሎ የአካባቢውን ዘር በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ በአንድ መስመር የዘሩን ስም፣ የተገኘበትን ቀበሌ፣ የተዘራበትን ቀንና ዛላ ያወጣበትን ቀን። በሁለት የተለያዩ ቀኖች የተዘራ አንድ ዘር ካለ ሁለቱም ይጻፉ፤ የመዝራቱ ልዩነት አርባ ቀን ሆኖ የዛላው ልዩነት ስምንት ቀን ከሆነ ይህ ዘር ሌሊት ይቆጥራል፤ በአጠገቡም «ከሩቅ አገር አይወሰድም፣ ወደ ሩቅ አገርም ሳይሞከር አይሰጥም» ተብሎ በቀይ ቀለም ይጻፍበት።